ትምህርት ሲዘጋ ከልጆች ጋር ወዴት እንሂድ?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆች ቤት ይውላሉ። አንዱ ከብት ይጠብቃል፣ ሌላው አረም ያግዛል። ይህ ሥራ የቤተሰቡ ኑሮ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ልጅ አገሩንም ማየት አለበት። «ሐይቅ» የሚለውን ቃል አንብቦ ሐይቅ ያላየ ልጅ ፊደሉን ቆጠረ እንጂ ነገሩን ገና አላወቀውም።

«ተራራ ለማየት ምን ገንዘብ ያስወጣል? ተራራ በራችን ላይ አለ!» የሚሉ ወላጆች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። መጀመሪያ የሰፈራችንን ዛፍ፣ ወፍና ምንጭ በስማቸው ለልጆች እናስተምር። ከዚያ በኋላ ራቅ ያለው ይመጣል። ዛሬ አንድ የእጃጂ ቤተሰብ ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ለመጓዝ ሲነሳ ምን ምን ማሰብ እንዳለበት አብረን እንመልከት።

1. ጊዜ መምረጥ

በአውሮፓ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የሙቀት ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት የመሬት ሰሜናዊ ክፍል ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። እኛ ዘንድ ግን በዚያው ጊዜ ከውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ዝናብ ያመጣል። ስለዚህ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ትምህርት ሲዘጋላቸው ልጆቻቸውን ስስ ልብስ አልብሰው ይመጡና በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ቀድመን ብንነግራቸው ጥሩ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ደጋው በጉም ይሸፈናል፣ የእግር መንገዱ ያዳልጣል፣ ወንዝ ይሞላል። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ሁለት የተሻሉ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ትምህርት ስለተከፈተ ግን ቅዳሜና እሑድን መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ነው። መሬቱ ደርቋል፣ አዝመራውም ተሰብስቧል።

2. ቦታ መምረጥ

ከእጃጂ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ ጌዶንና ጉደርን አልፈን አምቦ እንደርሳለን። ጉደር ፏፏቴ አለ። የጉደር ወንዝ ወደ ዓባይ የሚገባ ነው። አምቦ ከመሬት በተፈጥሮ ጋዝ ይዞ የሚወጣው የማዕድን ውሃ አገር ነው። ውሃው በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአምቦ አልፎ ጊንጪ አጠገብ የጭሊሞ ደን ይገኛል። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ጉሬዛም ይታይበታል።

ከአምቦ በስተደቡብ ደግሞ ወንጪ አለ። ወንጪ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ዛሬ በአፉ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል።

ሁሉንም በአንድ ጉዞ አናይም። ትንሽ ልጅ ቶሎ ይደክማል። ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል።

3. ብርዱን ማስላት

ወደ ላይ 1,000 ሜትር ስንወጣ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እጃጂ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የወንጪ ተራራ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ 1,500 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ 6 ሲባዛ በ1 ተኩል 9 ይሆናል። እጃጂ ላይ 24 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 15 ያህል ነው ማለት ነው። ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ለልጁ ሹራብ፣ ኮፍያና ቅያሪ ካልሲ እንያዝ።

4. ወጪውን መጻፍ

አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች አምስት ሰው ናቸው። ከእጃጂ አምቦ፣ ከአምቦ ወንጪ፣ ደርሶ መልስ አራት ጊዜ መሳፈር ነው። አራት በአምስት ሃያ ሒሳብ ይሆናል። አንዱ ሕፃን ታቅፎ ቢሄድ አሥራ ስድስት። መናኸሪያ ሄደን የያንዳንዱን ዋጋ እንጠይቅና እንጻፈው። የምግብ፣ የማደሪያና የመግቢያ ካለም እንጨምር። ለሕመም የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ድምሩ ከአቅማችን በላይ ከሆነ ጉዞውን ጉደር ላይ እናሳጥረው። ተበድሮ መሄድ አያስፈልግም። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ሳምንት ከሾፌሮች እንጠይቅ።

5. ውሃና ጤና

ከምንጭም ሆነ ከሐይቅ ቢቀዳ ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተን ቶሎ ቶሎ እናጠጣው። የሚጠባም ከሆነ ጡት አይከልከል። ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ።

ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ እጃጂና ባኮ ያሰጋሉ፣ በተለይም ዝናቡ ካባራ በኋላ። ከባሕር ማዶ የመጣ ልጅ ሰውነቱ ወባን ስላልለመደ ይበልጥ ይጎዳል። ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ያማክሩለት፣ እዚህም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይመርመር። «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» አይባልም።

6. ውሃ ዳር

ይኼን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ውሃ የሚወስደው ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮህም። ጭንቅላቱ ከውሃ በላይና በታች ሲል መተንፈስ እንጂ መጮህ አይችልም። ጆሯችንን አምነን ጀርባችንን መስጠት የለብንም። ስለዚህ፦

ሀ) ውሃ ዳር አንድ አዋቂ ሌላ ሥራ አይሥራ። ምግብ አያቅርብ፣ ስልክ አያውራ። እጁን ዘርግቶ ልጁን መያዝ የሚችልበት ርቀት ላይ ይቁም።

ለ) ታላቅ እህት ጠባቂ አትሁን። እሷም ልጅ ናት።

ሐ) ጀልባ ላይ ለልጁ ልክ የሆነ ተንሳፋፊ ሰደርያ ከሌለ አይሳፈር። ሐይቁን ከዳር ሆኖ ያያል።

መ) እኛ ያለንበት ቦታ ባይዘንብም ከላይ ዘንቦ ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ወዲያው እንውጣ።

ሦስት ልጆች ይዞ የሚሄደው አዋቂ አንድ ብቻ ከሆነ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ወይም አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይጨመር። ወንጪ የትም አይሄድም።

ሲመለሱ ልጆቹ ያዩትን ይንገሩን። መጻፍ የሚችለው ይጻፍ፣ የማይችለው ይሣል። ደብተሩን እናስቀምጥላቸው።

መልመጃ

1. የአውሮፓ በጋ ለምን በእኛ ክረምት ይውላል?

2. ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እጃጂ ተሳፍሮ አምቦ ደርሶ ቢመለስ ስንት ሒሳብ ይከፍላል?

3. ውሃ ዳር የሚጠብቀው አዋቂ ምን ምን ማድረግ የለበትም?

4. በሰፈራችሁ ያሉትን የአምስት ዛፎች ስም ከልጆቻችሁ ጋር ጻፉ።