አብሮ ማሸነፍ፣ አብሮ መሸነፍ፦ የድግስ ምግብ ጨዋታ ለቤተሰብ

ሉዶም ሆነ ዳማ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው አንዱ አሸንፎ፣ ሌላው ተሸንፎ ነው። ታላቅና ታናሽ ዳማ ከተጫወቱ ደግሞ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ከጅምሩ ይታወቃል፤ ትንሹም አኩርፎ ይነሳል። በትብብር ጨዋታ ግን ሁሉም ባንድ ወገን ይሰለፋሉ፤ ባላጋራቸው ጨዋታው ራሱ ነው። ካሸነፉ አብረው ያሸንፋሉ፣ ከተሸነፉም አብረው ይሸነፋሉ።

ከቀደሙት አንዱ

በዚህ ዓይነት ጨዋታ ከታወቁት አንዱ በጀርመኑ ሃባ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ኦብስትጋርተን ነው፤ ደራሲዋ አነሊዘ ፋርካሾቭስኪ ናት። በአራት ዛፎች ላይ 10፣ 10 ፍሬ አለ፦ ፖም፣ ፒር፣ ቼሪና ፕለም። ልጆቹ በየተራ ዳይስ እየጣሉ ይለቅማሉ። ቁራ በወጣ ቁጥር ግን ከቁራው ሥዕል ዘጠኝ ቁራጮች አንዱ ይገጠማል። ሥዕሉ 40ው ፍሬ ሳይለቀም ከሞላ ሁሉም ተሸነፉ። ሕጉ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅም ይጫወተዋል።

የኛን ድግስ በካርቶን

ይህንኑ አካሄድ ይዘን ወላጆች በልጅነታቸው በልደት ቀን የበሉትን ምግብ ማስገባት እንችላለን። ከካርቶን 16 ቁራጭ ቆርጣችሁ ልጆቹ ይሳሉባቸው፦ 4 ድፎ ዳቦ፣ 4 ፈንዲሻ፣ 4 ደስታ ከረሜላ፣ 4 ለስላሳ። በሌላ ካርቶን ላይ ከአጥር በር እስከ ሳሎን የሚያደርስ ባለ 5 ቤት መንገድ ሥሩና ወደ ድግሱ የሚመጣ እንግዳ የሚሆን አንድ ቁራጭ በሩ ላይ፣ ከመጀመሪያው ቤት ውጭ አቁሙ። በዳይሱ አራት ገጾች ላይ አራቱን ምግቦች፣ በአምስተኛው ኮከብ፣ በስድስተኛው ጫማ ለጥፉ።

ምግብ ከወጣ ከዚያው ዓይነት አንዱ ገበታ ላይ ይቀመጣል። የወጣው ምግብ አልቆ ከሆነ ተራው ያልፋል። ኮከብ ከወጣ የጣለው ልጅ የፈለገውን አንድ ይመርጣል። ጫማ ከወጣ እንግዳው አንድ ቤት ይራመዳል። እንግዳው አምስተኛው ቤት ላይ ሳይደርስ 16ቱም ገበታ ላይ ከቀረቡ ቤተሰቡ አሸነፈ።

ኮከብ ሲወጣ ምን ይመረጣል?

እዚህ ላይ ጨዋታው ከዕድል ወደ ማሰብ ይሻገራል። አራት ቁራጭ ብቻ ቀርቷል እንበል። አራቱም ድፎ ዳቦ ከሆኑ ከስድስቱ ገጾች የሚጠቅሙን ሁለቱ፣ ድፎና ኮከብ፣ ብቻ ናቸው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከቀረ ግን አምስቱ ገጾች ይጠቅማሉ። ስለዚህ ኮከብ ሲወጣ በብዛት ከቀረው ምግብ ማንሳት ይሻላል። ይህን አትንገሯቸው። ልጆች መጀመሪያ የሚያነሱት የሚወዱትን ከረሜላ ነው፤ ድፎው ብቻ ቀርቶ ተራ በተራ ሲያልፍባቸው ምክንያቱን ራሳቸው ይደርሱበታል።

የአዋቂው ድርሻ

የትብብር ጨዋታ ትልቁ ችግር አንድ ሰው ለሁሉም መወሰኑ ነው። አባት «እሱን ተወው፣ ይህን አንሳ» ካለ ልጁ ቁራጭ አንቀሳቃሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመጨረሻው ውሳኔ ሁልጊዜ ተራው የደረሰው ልጅ ይሁን፤ ሌላው ሐሳብ የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው። ልጆቹን ለማስደሰት ብላችሁ እንግዳውን ወደ ኋላ አትመልሱ፤ መሸነፍ ከሌለ መረዳዳቱ ትርጉም ያጣል። ሁልጊዜ የምታሸንፉ ከሆነ መንገዱን ወደ 4 ቤት አሳጥሩት፤ ሽንፈት ከበዛ ወደ 6 አስረዝሙት።

ለትዝታም ቦታ ስጡ። ድፎ ገበታ ላይ ሲቀመጥ አያት ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ እንዴት ይጋገር እንደነበር ይንገሩ። በተለይ በውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ ኮባን በስሙ የሚያውቅበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

በመጪው እሑድ ካርቶን፣ መቀስና እርሳስ አቅርቡና ልጆቹን አሠሯቸው። የሠሩትን ጨዋታ ደግሞ አብራችሁ ተጫወቱ፤ ልጆች መመካከርን የሚማሩት ከምክር ይልቅ አብሮ በመወሰን ነው።