ተግሣጽና በትር፤ ስለ ልጆች ቅጣት

ልጅን በመልካም ሥርዓት ማሳደግ ከእግዚአብሔር ለወላጆች የተሰጠ አደራ መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን አይገኝም። ክርክሩ ያለው በአደራው ላይ ሳይሆን አደራው በሚፈጸምበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ያልተመታ ልጅ አይቀናም፤ እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ይላል። ሌላው ወገን «ሕፃንን መምታት ግፍ ነው፤ ዱላ ያደነዝዛል እንጂ አያስተምርም» ብሎ ይመልሳል። የፊተኛው የሰሎሞንን መጽሐፍ፣ የኋለኛው ወንጌልን ምስክር አድርጎ ስለሚያቀርብ ነገሩ ከቤት አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመጣል። ካህኑም «አባቴ፣ ልጄን ብመታው ኀጢአት ይሆንብኛልን?» ተብሎ በንስሐ ልጆቹ ይጠየቃል። ስለዚህ ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ አይገባም ብለን በአጭሩ ልንመረምረው ወደድን።

በአገራችን ልጅን በአካል መቅጣት የቆየ ልማድ ነው። አለንጋው ከግድግዳ ተሰቅሎ ይኖራል፤ አርጩሜው ከአጥር ይቀጠፋል፤ መቆንጠጥ፣ መኰርኰም፣ ማንበርከክ፣ ሲብስም በበርበሬ ጢስ ማጠን አለ። ይህን ያደረጉ ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸውን ጠልተው ነው ለማለት አንደፍርም። እረኛው ልጅ በጨዋታ ተዘናግቶ ከብቶቹን ከሰው አዝመራ ቢያስገባ የጎረቤት ጠብና የካሣ ዕዳ ይከተላል፤ አባትየውም በልጅነቱ ያየው መንገድ ይኸው ብቻ ስለሆነ አርጩሜ ያነሣል። ነገር ግን አንድ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መኖሩ ዕድሜውን ያሳያል እንጂ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። «ተገርፈን ሰው ሆንን» የሚለውም ወንድማችን ራሱን በእውነት ቢመረምር፣ ሰው ያደረገው ግርፋቱ ሳይሆን ከግርፋቱ ጋራ ያልተለየው የእናቱ ምክር፣ የአባቱ ትጋትና የመምህሩ ድካም መሆኑን ሳያገኝ አይቀርም።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በመጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 13፣ በ22፣ በ23 እና በ29 ስለ ተግሣጽ በትር የተነገረ ቃል አለ። አንዳንዶች በዚያ ስፍራ በትር ማለት ምክር ብቻ ነው ብለው ይተረጕማሉ። እኛ ግን ቃሉን እንዲህ አቅልሎ ማለፍ አይገባም እንላለን፤ ጠቢቡ እንደ ዘመኑ ልማድ መምታትንም ጨምሮ መናገሩ ከንባቡ ግልጽ ነውና። ሆኖም የንባቡን ዓላማ ማስተዋል ያስፈልጋል። ጠቢቡን ያስጨነቀው ልጁ ሳይመታ መቅረቱ ሳይሆን ሳይገሠጽ ቀርቶ መጥፋቱ ነው። ተግሣጽ ተብሎ የተተረጐመው የዕብራይስጥ ቃል «ሙሳር» ማስተማርንም ማረምንም ማስጠንቀቅንም አንድ አድርጎ ይይዛል። በትር የተባለውም ቃል በመዝሙር 22 በጨለማ ሸለቆ ለሚሄደው መጽናኛ የሆነው የእረኛው በትር ነው። እረኛ በትሩን የሚይዘው በጉን ከገደል ለመመለስና አውሬውን ለመከላከል ነው። በጉ ከአውሬው ይልቅ እረኛውን የፈራ እንደሆነ ግን በትሩ ሥራውን ስቷል።

ደግሞም ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 17 ወደ አስተዋይ ልብ የምትገባ አንዲት የተግሣጽ ቃል በሰነፍ ጀርባ ላይ ከሚወርድ ብዙ ግርፋት ይልቅ ጠልቃ እንደምትሠራ ያስተምራል። እንግዲህ በራሱ በሰሎሞን ሚዛን እንኳ ቃል ከበትር ይበልጣል። ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 25 የተፈረደበትን በደለኛ ከአርባ በላይ መግረፍን የሚከለክለው የተገረፈው ሰው በወንድሙ ዓይን የተናቀ እንዳይሆን ነው። ለበደለኛ ጎልማሳ ክብር እንዲህ የታሰበ ከሆነ ለሕፃኑ ክብር ምን ያህል ሊታሰብ ይገባል! በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 21 ዓመፀኛ ልጅ በከተማው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ በድንጋይ እንዲወገር ተጽፏል፤ ዛሬ ግን ይህን ሥርዓት በልጁ ላይ ልፈጽም የሚል ክርስቲያን የለም። ኦሪትን በክርስቶስ ብርሃን የምናነብ ከሆነ በዚህ ስፍራ አንብበን በዚያ ስፍራ ልንተው አይገባም።

የሰሎሞን ልጅ የሮብዓም ታሪክም ለወላጆች ትምህርት ይሆናል። ሕዝቡ ቀንበራቸውን እንዲያቀልላቸው በለመኑት ጊዜ የሽማግሌዎችን የለሰለሰ ምክር ትቶ ከአባቱ ጅራፍ የከፋ ቅጣት እንደሚያመጣባቸው ዛተ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጡ። ጅራፍ የሰውን ጀርባ ሊያጐብጥ ይችላል፤ ልብን ግን ወደ ገራፊው አያመጣም።

የበትር ጠበቆች የካህኑን የዔሊን ነገር ያነሣሉ፤ ልጆቹን ባለመቅጣቱ ቤቱ ጠፋ ይላሉና። ታሪኩን ስናነብ ግን ዔሊ የተወቀሰው አለንጋ ባለማንሣቱ አይደለም። ልጆቹ የመሥዋዕቱን ሥርዓት ሲያረክሱ እያወቀ አልከለከላቸውም፤ ከመቅደሱም አገልግሎት አላራቃቸውም። የተናገራቸውም እጅግ ካረጀ በኋላ፣ እነርሱም ከጎለመሱና ክፋቱን ከለመዱት በኋላ ነበር። የዔሊ በደል ቸልተኝነት ነው። የቸልተኝነት ተቃራኒ ደግሞ ትጋት እንጂ ግርፋት አይደለም። ልጁን ሳምንት ሙሉ ሳይጠይቅ ሰንብቶ በቅዳሜ ምሽት አለንጋ የሚያነሣ አባት ከዔሊ ስሕተት ያመለጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቸልተኝነትንም ጭካኔንም በአንድነት ፈጽሟል።

ወደ ሐዲስ ኪዳን ስንመጣ ጌታችን ሕፃናትን አቅፎ ባረካቸው፤ ወደ እርሱ እንዳይቀርቡ የከለከሉትንም ደቀ መዛሙርት ተቈጣ። ቅዱስ ጳውሎስ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ፊቱን ወደ አባቶች መልሶ፣ በኤፌሶን መልእክቱ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ በቈላስይስም ልባቸው እንዳይዝል እንዲጠነቀቁ ያሳስባቸዋል። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 እግዚአብሔር የሚወደውን እንደሚገሥጽ ተነግሯል፤ በዚያው ስፍራ ግን ምድራውያን አባቶች መልካም መስሎ እንደታያቸው እንደሚቀጡ፣ እግዚአብሔር ግን ለእኛ ጥቅም እንደሚቀጣ ልዩነቱ ተገልጿል። እንግዲህ በልጁ ላይ እጁን የሚያነሣ ሁሉ «እግዚአብሔርም ይቀጣል» ብሎ ራሱን ከማጽደቁ በፊት ቍጣው የማን እንደሆነ ይጠይቅ። የሐዋርያት ቀኖናም በደለኞችን በመምታት የሚያስፈራራ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል፤ ምክንያቱም ጌታ እንዲህ አላስተማረንም፣ ይልቁንም ሲመቱት አልመታም የሚል ነው።

ከአባቶችም መካከል ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሰት ወላጅን ሥዕሉን በየቀኑ እያረመ ከሚያሳምር ሠዓሊ ጋራ ያመሳስለዋል። አባት ሕግ አውጥቶ ጠባቂ እንዲሆን፣ አንዳንድ ጊዜም ፊቱን እንዲያከብድና እንዲያስጠነቅቅ ይፈቅዳል፤ ዘወትር እንዲመታ ግን አይመክርም። በየዕለቱ የሚመታ ልጅ በትሩን መናቅ ይለምዳል፤ የናቀም እንደሆነ ለአባቱ ሌላ መሣሪያ አይቀርለትም። ይህ ቃል በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ አባት ነውና «መምታትን መንቀፍ ከምዕራብ የመጣ አዲስ ትምህርት ነው» ለሚሉ በቂ መልስ ይመስለናል።

የዘመናችንም ምርምር ሊሰማ ይገባዋል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ የአሜሪካ ምሁራን ከ160,000 በላይ ሕፃናትን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ በመዳፍ የሚመቱ ልጆች ይልቁን ጠበኞች ሆነው የመገኘት፣ በአእምሮም የመጨነቅ ዝንባሌ እንደሚታይባቸው ጽፈዋል። ሮበርት ላርዘሌርን የመሰሉ ሌሎች ምሁራን ደግሞ አስቸጋሪ ልጅ ቀድሞውንም አብዝቶ ስለሚመታ መንሥኤውና ውጤቱ ሊምታታ ይችላል ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር አላለቀም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ከባድ ግርፋት እንደሚጎዳ አይለያዩም።

ሕጉም በየአገሩ ተለውጧል። ስዊድን በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979) ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይመቱ በመከልከል ቀዳሚ ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ ከ60 የሚበልጡ አገሮች ተከትለዋታል። በደቡብ አፍሪካ አንድ ክርስቲያናዊ ማኅበር ልጅን በመጠኑ መምታት የእምነት መብታችን ነው ብሎ ቢከራከርም የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በመስከረም 2012 ዓ.ም. ክርክሩን አልተቀበለውም። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። በቤት ውስጥ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅን የሚያንገላታውን እየቀጣ ለወላጅ ተገቢ የማረም መብት ትቶለታል። ስለዚህ የቤቱ ጉዳይ በአብዛኛው በወላጅ ኅሊና ላይ ወድቋል፤ ኅሊናውንም የመምራት ሥራ ከካህኑ ትከሻ አይወርድም።

የእኛ ምስክርነት እንዲህ ነው። ተግሣጽ ግዴታ ነው፤ ዱላ ግን ግዴታ አይደለም፤ የተግሣጽም ወዳጅ ሆኖ አይታይም። የተመታ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ከጥፋት መራቅን ሳይሆን ከእጅ ማምለጥን ነው። ገንቦ የሰበረው ይክዳል፤ ገንዘብ ያጠፋው በታናሽ ወንድሙ ያመካኛል፤ ሲብስም ከቤት ወጥቶ ዱር ያድራል። እውነት የሚናገር ልጅ እንፈልጋለን እያልን እውነቱን በተናገረ ጊዜ የምንመታው ከሆነ ሐሰትን ያስተማርነው እኛው ነን። ከዚህም የሚከፋው፣ በምሽት ጸሎት የሚያስተምረው እጅና በቀን የሚገርፈው እጅ አንድ ሲሆኑበት ሕፃኑ «አባታችን» ብሎ ሲጸልይ የሚያስበው አባት ምን ዓይነት እንደሚሆን ነው።

ታዲያ በበትሩ ፈንታ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በቍጣ ሰዓት ፍርድ አይሰጥ፤ እናት ወይም አባት ቍጣው እስኪበርድ ይታገሥ። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋራ ይዛመድ፤ የሰበረ ይጠግን፣ የተሳደበ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ከብቱን ያዘናጋ ከአባቱ ጋራ ሄዶ የአዝመራውን ባለቤት ይካስ። ሦስተኛ፣ የተነገረው ቃል ይጽና፤ ዛሬ ተከልክሎ ነገ የሚፈቀድ ነገር ልጅን ያሞኛል። አራተኛ፣ በእጅ ፈንታ እርግማንና ስድብ አይተካ፤ የምላስ ቍስል ከአርጩሜ ቍስል ይልቅ ይዘገያልና። አምስተኛ፣ ከተግሣጽ በኋላ ዕርቅ ይሁን፤ ልጁ የተጠላው ጥፋቱ እንጂ እርሱ አለመሆኑን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወቅ። ይህ ሁሉ ከዱላ ይልቅ ጊዜና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ቢሆንም ቅጣቱ የሚከብደው በወላጁ ላይ ሲሆን ለልጁ የሚቀለው ያን ጊዜ ነው።

ለአባቶች ካህናትና ለአብነት መምህራንም አንድ ቃል እንጨምራለን። ወላጅ ልጄ አስቸገረኝ ብሎ ሲመጣ ስለ ልጁ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ስለ ወላጁ ቍጣ፣ ስለ መጠጡና ከልጁ ጋራ ስለሚቀመጥበት ጊዜም መጠየቅ ይገባል። በሕፃኑ ገላ ላይ ሰንበር ካለም «የቤት ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የእረኛ ሥራ አይደለም። ፊደል የሚያስቈጥሩና ዜማ የሚያስተምሩ መምህራንም ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤቶች ስለ ሕፃናት የተናገረው ቃል እነርሱንም እንደሚመለከት ያስቡ። የአብነት ተማሪ ረኀብንና ብርድን፣ የውሻ ንክሻንም ታግሦ ለትምህርት የመጣ ነው፤ ትጋቱን በአለንጋ መፈተን አያስፈልግም።

እንግዲህ ልጆች አደራ እንጂ ንብረት እንዳልሆኑ አስበን፣ እንደ ዔሊ ሳንተዋቸው እንደ ሮብዓምም ሳንከብድባቸው፣ በቃልና በምሳሌነት ልንመራቸው ይገባል። አደራውን የሰጠን አምላክ ለፍሬ እንዲያበቃን ቸርነቱ ይርዳን። አሜን።