ምዕራፍ ሰባት፦ ጀርባችንና የወጌሻ እጅ

የምዕራፉ ዓላማ

ይህን ምዕራፍ ስትጨርሱ፦
1. ስለ አከርካሪ አሠራርና አጠባበቅ ያነበባችሁትን በራሳችሁ ቃል ታስረዳላችሁ፤
2. ባለቤታቸው የማይነገር የስሜት ግሦችን ለይታችሁ በትክክል ትጠቀማላችሁ፤
3. አንድን ሕመም ሰሚው እንዲረዳው አድርጋችሁ በአንድ አንቀጽ ትገልጻላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።
1. በአካባቢያችሁ ሰው ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ ወደ ማን ይወሰዳል? ለምን?
2. «ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት ነው» ይባላል። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የጀርባ አጥንት ለምን የተመረጠ ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

ከወልድያ ተነሥቶ በአላማጣ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ኮቦ ይደርሳል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ደጋው ከበውት መካከሉ ሰፊ ሜዳ ነው። ይህ የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል፤ ከብት ይረባበታል፤ ግመልም ይጫንበታል። የአካባቢው ሰው ኑሮ በአብዛኛው በጀርባና በወገብ ጉልበት የተያዘ ነው። ገበሬው ጎንበስ ብሎ ያርማል፤ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። እናቶችና ልጃገረዶች ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው በጀርባቸው ይሸከማሉ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ያህል ሸክም በየቀኑ የሚችለው የሰውነት ክፍል ምን ዓይነት ነው?

አከርካሪ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ሲወለድ 33 አንጓዎች ያሉት ሰንሰለት ነው። ሰባቱ በአንገት፣ ዐሥራ ሁለቱ ጎድኖች በተያያዙበት በጀርባ፣ አምስቱ በወገብ ይገኛሉ። ከእነዚህ በታች ያሉት ዘጠኙ ዕድሜ ሲጨምር እየተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ይሆናሉ። ከላይ ባሉት አንጓዎች መካከል ለስላሳ ትራስ የመሰሉ ንጣፎች አሉ። ሰው ሲዘል፣ ሲሮጥና ሲሸከም ንዝረቱን የሚያበርዱት እነዚህ ናቸው። ቀን ሙሉ ሲጫኗቸው ከያዙት ውኃ ጥቂቱን ያጣሉ፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ መልሰው ያገኙታል። ሰው ማለዳ ሲለካ ከማታው ቁመቱ በመጠኑ በልጦ የሚገኘው ስለዚህ ነው። በአንጓዎቹ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ ከአንጎል የሚወርደው ሰረሰር ያልፋል። እጅና እግር የሚታዘዙት፣ ሽንትም የሚቋጠረው ከሰረሰር በሚወጡት ነርቮች ነው። ስለዚህ በአከርካሪ ላይ የሚደርስ ጉዳት በጀርባ ብቻ አይወሰንም።

ጀርባው የታመመ ወይም መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፤ የተሰበረውን በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ፍልጥ አስደግፎ ያስራል፤ የተሳሳበውን ጅማት ያሻል። ሙያውን የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባቱ ወይም ከእናቱ እጅ እያየ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ የበሽተኛውን ቤተ ሰብና ቋንቋ ያውቃል። ስሙም እጅግ የተከበረ ከመሆኑ የተነሣ ዛሬ የእግር ኳስ ቡድን የሕክምና ባለሙያ ሳይቀር «ወጌሻ» ይባላል።

አከርካሪን በእጅ የማከም ልማድ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው በ1895 እ.ኤ.አ. «ካይሮፕራክቲክ» የሚባለውን ሙያ መሠረተ። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «በእጅ የሚሠራ» እንደ ማለት ነው። ፓልመር የአብዛኛው በሽታ ምንጭ ከቦታው የተንሸራተተ የአከርካሪ አንጓ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ አስተሳሰብ በኋላ በተደረገው ምርምር አልተደገፈም። ሆኖም ጀርባን በሠለጠነ እጅ ማንቀሳቀስ ለአንዳንድ የወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ ተረጋግጧል። የሚሰጠው ጥቅም ግን ከአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ ደግሞ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥናቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚሁ በእጅና በእንቅስቃሴ ሕክምና መስክ ነው።

እንግዲህ ዳቨንፖርትም ኮቦም ጥያቄው አንድ ነው፤ እጅ የሚያድነው ምን ሲሆን ነው? የሚጎዳውስ?

አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ እንበል። ፍልጡ ታሰረለት። ሌሊት ልጁ በሕመም ጮኸ፤ ጣቶቹ አበጡ፤ ቀዘቀዙ፤ ጠቆሩ። ቤተ ሰቡ «ስብራት ያማል፤ ታገሥ» አሉት። ነገር ግን የሚያመው ስብራቱ ብቻ አይደለም። እስሩ ከመጠን በላይ ጠብቆ የደሙን መንገድ ዘግቶበታል። ስድስት ሰዓት ያህል ደም ያጣ ጡንቻ መመለስ ወደማይችልበት ጉዳት ይደርሳል፤ ሥጋውም ከሞተ ሐኪሙ የሚቀረው ምርጫ ክንዱን መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። መከላከያው ግን ቀላል ነው። በአገራችን ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ሰበብ የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕክምና ጥናት አሳይቷል። ይህም ወጌሻን ማጥላላት ሳይሆን ማስተማር እንደሚያዋጣ ያስረዳል።

ሁለተኛው አደጋ ይበልጥ ድብቅ ነው። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስ አንዳንድ ጊዜ አከርካሪን ይይዛል። ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ይህን የጀርባ በሽታ በ1779 እ.ኤ.አ. ገልጾ ጽፎታል። በሽታው ቀስ በቀስ አንጓውን ይበላዋል። ታማሚው ለሳምንታትና ለወራት ጀርባውን ያመዋል፤ ማታ ማታ ያልበዋል፤ ይከሳል፤ በመጨረሻም ጀርባው ሊጎብጥና እግሩ ሊሰንፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ማሸትና መጫን የተበላውን አጥንት በሰረሰር ላይ መናድ ነው። መድኃኒቱ ለብዙ ወራት የሚወሰድ ክኒን ሲሆን በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በጊዜው የደረሰ ሰው ይድናል፤ የዘገየ ግን ከበሽታው ቢድን እንኳ እግሩን ሊያጣ ይችላል።

አብዛኛው የወገብ ሕመም ግን ከእነዚህ ከባድ ምክንያቶች የሚመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ቀድሞ አልጋ ላይ ተኝቶ መሰንበት ይመከር ነበር፤ ዛሬ የሚመከረው ሕመሙ እንደ ፈቀደ መራመድና ቀላል ሥራ መሥራት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥንቃቄ ነው። የራያ ሰው ግመሉን ሲጭን አስተውሉ፤ ግመል ተንበርክኮ ይጫናል፤ በእግሮቹም ጉልበት ይነሣል። ሰውም ሸክም ሲያነሣ ከወገቡ ከመታጠፍ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይበል፤ ሸክሙን ወደ ደረቱ ያስጠጋ፤ በእግሩ ጉልበት ይነሣ፤ ተሸክሞም ወገቡን አይጠምዝዝ። በሚቻልበት ጊዜ ሃያ ሊትሩ ውኃ በሁለት ዐሥር ሊትር ይከፈል። አጫጅ በየመሐሉ ቀና ብሎ ይንጠራራ። ተማሪም ለረጅም ሰዓት ከተቀመጠ ተነሥቶ ይራመድ፤ ቦርሳውን በሁለት ትከሻው ይያዝ።

እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲሰንፍ፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት፣ ሕመም ከትኩሳት ወይም ከክሳት ጋር ሲመጣ፣ ከፍ ካለ ቦታ ከተወደቀ በኋላ ጀርባ ሲታመም፣ ለመታሸት ጊዜ የለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በዚያም የሚጠብቅ አንድ ሥራ አለ። ሐኪሙ «ምን ሆንክ?» ሲል «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ብቻ ዝም የሚል ሰው ከቃሉ ግማሹን ደብቋል። የጀርባ ሕመም በዓይን አይታይም፤ ባለሙያው እጁን ከማሳረፉ በፊት መንገዱን የሚመራው የታማሚው ቃል ነው። አዋቂ እጅ ወሰኑን የሚያውቅ እጅ ነው፤ ወሰኑን የሚያሳውቀውም በትክክል የተነገረ ነገር ነው።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ሰው ማለዳ ሲለካ ከማታው የሚረዝመው ለምንድን ነው?
2. ከፓልመር ትምህርት በምርምር ያልተደገፈው የትኛው ነው? የተደገፈውስ?
3. ከታሰረ ስብራት በኋላ እስሩ በቶሎ እንዲላላ የሚያስገድዱ ምልክቶችን ዘርዝሩ።
4. ጸሐፊው ወጌሻን ይቃወማል ወይስ ይደግፋል? መልሳችሁን ከምንባቡ በተወሰደ ማስረጃ አስደግፉ።
5. ግመል በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ለምን ዓላማ ነው?

መ. የቃላት ጥናት

ሕመምን የሚገልጹ ግሦች በአማርኛ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ድርሻ አለው። የሚከተሉትን ግሦችና ከእነርሱ የተመሠረቱትን ስሞች አጥኑ።

ይወጋኛል፤ ውጋት — በመርፌ እንደ መወጋት ያለ፣ በአንድ ቦታ የሚሰማ።
ይቆረጥመኛል፤ ቁርጥማት — ከአጥንትና ከመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰማ።
ይጠዘጥዘኛል፤ ጥዝጣዜ — ሳያቋርጥ ውስጥ ለውስጥ የሚሰማ።
ይነዝረኛል፤ ንዝረት — ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እንደ ኤሌክትሪክ የሚሮጥ።
ደነዘዘኝ፤ ድንዛዜ — ሲነካ አለመሰማት።

መልመጃ፦ እያንዳንዱን ስም በዐረፍተ ነገር አስገቡ። ከአምስቱ ሐኪምን ይበልጥ የሚያሳስቡት የትኞቹ ሁለቱ ይመስሏችኋል? ስለ ሰረሰርና ስለ ነርቭ ያነበባችሁትን አስታውሱ።

ሠ. ሰዋስው፦ ባለቤታቸው የማይነገር ግሦች

እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።
1. ወገቤን አመመኝ።
2. ልጅቱን ወገቧን አመማት።
3. ገበሬዎቹን ወገባቸውን አመማቸው።

በሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ግሡ «አመመ» ነው። ታማሚው አንድም ሆነ ብዙ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የግሡ ባለቤት ሁልጊዜ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ተባዕት ነው፤ እርሱም አይነገርም። የሚለዋወጠው በግሡ መጨረሻ ላይ ያለው የተሳቢ ምእላድ ነው፤ -ኝ፣ -ት፣ -ቸው። እንግዲህ በአማርኛ ሰዋስው ታማሚው አድራጊ ሳይሆን ድርጊቱ የሚደርስበት ነው። «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ» የሚሉትም በዚሁ ሥርዓት የሚሄዱ ናቸው።

«ወገቤ አመመኝ» ማለትም ይቻላል። እዚህ ላይ ግን «ን» ስለ ጠፋ «ወገቤ» ራሱ ባለቤት ሆኗል። «እግሬ ደነዘዘ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ባለቤቱ «እግሬ» ነው፤ ተሳቢም የለም።

የአንዳንድ ግሦች ትርጉም በዚህ ሥርዓት ይለያል። «ገበሬዎቹ ደከሙ» እና «ገበሬዎቹን ደከማቸው» የሚሉትን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ግሡ ከባለቤቱ ጋር በቁጥር ተስማምቶ ብዙ ሆኗል፤ ጉልበታቸው መዛሉን፣ መዳከማቸውንም ያሳያል። በሁለተኛው ግሡ ነጠላ ሆኖ ቀርቷል፤ የሚገልጸውም የተሰማቸውን ድካም ነው።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አርሙ፤ ያረማችሁበትንም ምክንያት ተናገሩ።
1. ልጆቹን ውኃ ጠሙአቸው።
2. እናቴን ወገቧን አመመች።
3. እኛን በጣም ራብን።

ረ. ድርሰት፦ ሕመምን መግለጽ

የመጀመሪያውን አንቀጽ ከሁለተኛው ጋር አነጻጽሩ።

«ወገቤን አመመኝ። በጣም ያመኛል። ምንም አልተሻለኝም። መድኃኒት ስጡኝ።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት ማሽላ የሞላ ኬሻ ከመሬት ሳነሣ ወገቤ ቀጭ አለብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወገቤ በስተግራ ይወጋኛል። ሳጎነብስና ሳስል ይብስብኛል፤ ስራመድ ቀለል ይለኛል። ከአምስት ቀን ወዲህ ግን ሕመሙ በግራ እግሬ ወርዶ እስከ አውራ ጣቴ ይነዝረኛል፤ የእግሬም ላይኛው ክፍል ደንዝዟል። ትኩሳት የለኝም፤ ሽንቴንም እቆጣጠራለሁ።»

የመጀመሪያው ጸሐፊ አራት ዐረፍተ ነገር ጽፎ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው። «በጣም» የሚለው ቃል ስሜቱን ያጎላል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። ሁለተኛው ግን ለስድስት ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል፤ መቼ? በምን ሳቢያ? የት? እንዴት ያለ? ምን ያብሰዋል፣ ምንስ ያቀለዋል? የሌለው ምልክት ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን የሌለውን መናገር ያለውን የመናገር ያህል ይጠቅማል።

የጽሕፈት ሥራ

1. ከቤታችሁ ሰው መካከል ሕመም ያለበትን አንድ ሰው ፈቃዱን ጠይቃችሁ አነጋግሩ። የነገራችሁን በስድስቱ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ጽፋችሁም ለራሱ አንብቡለት፤ «አዎ፣ እንዲህ ነው» እስኪላችሁ ድረስ አርሙት።

2. በአካባቢያችሁ ወጌሻ ካለ በአክብሮት «እርስዎ» እያላችሁ ሙያውን ከማን እንደ ተማረ፣ እስሩ መጥበቁን በምን እንደሚያውቅ፣ ምን ዓይነቱን ሕመምተኛ ወደ ሐኪም እንደሚልክ ጠይቁት። ከዚያም «የአካባቢያችን ወጌሻ» በሚል ርእስ የሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ። በዓይናችሁ ያያችሁትን «አየሁ»፣ የተነገራችሁን «ነገሩኝ» በሚሉ ግሦች ለዩ።