ዊንዶውስን እንደገና ሳንጭን ወደ ሰፊ ዲስክ እንዴት እንዛወር?



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮሜዳ ባሉ የተማሪ ክፍሎች ደጋግሞ የሚሰማ ሮሮ አለ፦ «ሲ ሞላብኝ!» አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ዲስኩ 128 ጊጋባይት ይባላል፤ ዊንዶውስ ግን 119 አድርጎ ያሳየናል። ከዚያ ላይ ዊንዶውስ ራሱ፣ ኦፊስ፣ ኤስፒኤስኤስ፣ የአማርኛ መጻፊያውና የዲፓርትመንታችን ሶፍትዌሮች ድርሻቸውን ሲወስዱ ለእኛ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቀዩ መስመር ይመጣል፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ፋይል ማስቀመጥ እምቢ ይላል።

መፍትሔው ሰፋ ያለ ዲስክ መግዛት ነው። ጥያቄው ያለውን ሁሉ እንዴት እናዛውረው የሚለው ነው። አምና አንድ ወንድማችን 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገዝቶ ከጓደኛው ጋር ሥራውን ጀመሩ። ሁለቱን ዲስኮች አገናኙና ፕሮግራሙ «ከየት ወደ የት?» ብሎ ሲጠይቃቸው በችኮላ ገልብጠው መረጡ። ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ተገለበጠ። የሦስት ወር የመስክ መረጃ እንዲህ ጠፋ፤ የዳነለት ለአማካሪው በኢሜይል የላከው ምዕራፍ ብቻ ነበር። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው።

ክሎን ማድረግ ምንድን ነው?

ክሎን ማለት የአንዱን ዲስክ ይዘት እንዳለ በሌላው ላይ መገልበጥ ነው። ፋይሎችን መርጦ «ኮፒ ፔስት» ማድረግ ይህን አይተካም። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው አነስተኛ ክፍል በፋይል ማሳያው ላይ አይታይም፤ ዊንዶውስም እየሠራ ሳለ ቆልፎ የሚይዛቸው ፋይሎች አሉ። ክሎን የተደበቀውንም የተቆለፈውንም ስለሚወስድ አዲሱ ዲስክ ሲገባ ማሽኑ ትናንት እንደነበረው ይነሳል። ሶፍትዌሮች እንደገና አይጫኑም፣ የይለፍ ቃሎች አይጠየቁም። የዊንዶውስ ዲጂታል ፈቃድም በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በሆነበት ሁኔታችን፣ ብዙ ጊጋባይት እንደገና ከማውረድ መዳን ትልቅ ነገር ነው።

ማስታወስ ያለብን ግን ክሎን መልካሙንም መጥፎውንም ይገለብጣል። ቫይረስ ካለ ቫይረሱም አብሮ ይዛወራል።

ከመግዛታችን በፊት

መርካቶ ከመውረዳችን በፊት ላፕቶፓችን የሚቀበለውን የዲስክ ዓይነት እንወቅ። ሦስት የተለመዱ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው 2.5 ኢንች ሳታ ነው፤ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደ ማስቲካ ቀጠን ያሉ የኤም ዶት ቱ ካርዶች ናቸው፤ መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱ ሳታ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው። ሳታ ብቻ የሚቀበል ማሽን ላይ ኤንቪኤምኢ ቢሰካ አይሠራም። ስለዚህ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ጽፈን እንያዝ፤ ከተቻለም አሮጌውን ዲስክ አውጥተን በዓይናችን እንየው።

ከዲስኩ በተጨማሪ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ የምናገናኝበት ከዲስኩ ዓይነት ጋር የሚስማማ መያዣ። ከጓደኛ መዋስም ይቻላል። ሁለተኛ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ። በላዩ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ ነጻ የሆኑ ሁለት አሉ። ክሎንዚላ በታይዋን ብሔራዊ የኮምፒውቲንግ ማዕከል የተሠራ የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ምርጫዎች ስለሚሠራ ለጀማሪ ያስፈራል። ሬስኪውዚላ ተመሳሳዩን ሥራ በሚታዩ ቁልፎችና መስኮቶች ያከናውናል። ለዚህ ትምህርት የመረጥነው እሱን ነው።

አራት ቅድመ ዝግጅቶች

1. ዋና ዋና ፋይሎችን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ መረጃው፣ ፎቶው በሌላ ፍላሽ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ሳይኖር ክሎን አይጀመርም። ያ ወንድማችን ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ የሚያጣው የአንድ ቀን ድካም ብቻ ነበር።

2. የአሮጌውን ዲስክ ጤና መርምሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ሁኔታ ያሳያል። ማስጠንቀቂያ ካሳየ ወይም ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለው ክሎኑን ተዉትና መጀመሪያ ፋይሎቹን አድኑ። እየሞተ ያለ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ፍጻሜውን ሊያፋጥን ይችላል።

3. ቢትሎከርን አጥፉ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እኛ ሳናውቅ ዲስኩ የተመሰጠረ ሊሆን ይችላል። በሴቲንግስ ውስጥ የዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ወይም የቢትሎከርን ገጽ ክፈቱ፤ በርቶ ከሆነ የማስመለሻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ። ክሎኑ ካለቀ በኋላ መልሶ ማብራት ይቻላል።

4. ኮምፒውተሩን በትክክል ዝጉ። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» በሚባለው ዘዴ ሲዘጋ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ነው የሚገባው። «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ «ሸት ዳውን» ብትሉት ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

የሬስኪውዚላን ፋይል አውርዳችሁ ሩፎስ ወይም ኤቸር በሚባሉት ፕሮግራሞች ፍላሹ ላይ ጻፉት። ፍላሹንና አዲሱን ዲስክ ሰክታችሁ ላፕቶፑን አብሩ፤ ወዲያው የማስነሻ ምርጫውን ቁልፍ ተጫኑ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ፍላሹን ምረጡ። እምቢ ካለ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ሴኪዩር ቡት»ን ለጊዜው አጥፉ።

ሬስኪውዚላ ሲከፈት «ክሎን» የሚለውን ተጫኑ። አሁን ወሳኙ ቦታ ላይ ደርሰናል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንጩን ነው፦ አሮጌው። ቀጥሎ መድረሻውን ይጠይቃል፦ አዲሱ። በስም አትተማመኑ፤ መጠኑንና ሞዴሉን አንብቡ። ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ «ምንጭ 128፣ መድረሻ 500» ብላችሁ ጻፉና ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ዲስኮች እኩል መጠን ካላቸው በሞዴል ስማቸው ለዩ። አጠገባችሁ ጓደኛ ካለ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። «ቀጥል» የሚለውን ከተጫናችሁ በኋላ መድረሻው ላይ የነበረው አይመለስም።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ፕሮግራሙ በመደበኛነት የሚገለብጠው የተያዘውን ቦታ ብቻ ነው። 100 ጊጋባይት የተያዘ ከሆነና ፍጥነቱ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ከሆነ ሥራው 17 ደቂቃ ያህል ነው። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ከሆነ ግን ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይጠጋል። መግሪብን ሰግዳችሁ ብትጀምሩ ዒሻ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው፣ ኢንሻአላህ።

መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ። መሃል ላይ ቢቋረጥም አትደንግጡ፤ ከአሮጌው ዲስክ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስለሌለ መረጃችሁ በቦታው አለ። ከመጀመሪያው ትደግሙታላችሁ።

ሲያልቅ ላፕቶፑን ዝጉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ አሮጌውን ዲስክ አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡ። አዲሱን በዩኤስቢ እንደተሰካ ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ዊንዶውስ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ሁለቱን መንታ ዲስኮችም በአንድ ላይ ሰክታችሁ አታብሩ፤ መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ ይምታታበታል።

«ገልብጬም ሲ አልሰፋም!»

ብዙዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ነው። ማሽኑ በሰላም ይነሳል፤ ሲ ግን አሁንም 118 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተገለበጠው የአሮጌው ዲስክ አከፋፈል ነው። ትርፉ ቦታ መጨረሻ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። «ስታርት» ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ብትከፍቱ ታዩታላችሁ።

ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ ከሆነ ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን በሲና በባዶው ቦታ መሃል አነስተኛ የማስመለሻ ክፍል ተቀምጦ መንገዱን ይዘጋል፤ ምርጫውም ደብዝዞ አይጫንም። ያን ክፍል አታጥፉት፤ ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚያነሳን እሱ ነው። በሬስኪውዚላ ፍላሽ እንደገና አስነሱና በውስጡ ያለውን ጂፓርትድ ክፈቱ። ዲስኩ ሙሉ ስፋቱን እንዳልተጠቀመ ነግሯችሁ «ፊክስ» የሚል ምርጫ ካቀረበ ተቀበሉት። የማስመለሻውን ክፍል ወደ ቀኝ ጫፍ ጎትታችሁ «አፕላይ» በሉ። ባዶው ቦታ ከሲ አጠገብ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ዊንዶውስ ተመልሳችሁ ሲን አስፉት።

ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ስትቀይሩ በሰማያዊ ስክሪን የማስነሻ ስህተት ቢመጣ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ሬስኪውዚላ የላፕቶፑን ዲስክ ጨርሶ ካላየው ደግሞ ባዮስ ውስጥ የዲስክ መቆጣጠሪያው «ሬይድ» ላይ ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስን ዝግጅት ሳታደርጉ ዝም ብላችሁ ብትቀይሩት ግን ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

አሮጌው ዲስክ አማና ነው

አዲሱ ሠራ ብላችሁ አሮጌውን በማግሥቱ አትሽጡ። ቢያንስ አንድ ወር ሳትነኩት አስቀምጡት፤ ከዚህ የተሻለ መጠባበቂያ የለም። ከዚያ በኋላ ለሰው ከመስጠታችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ይደምሰስ። ውስጡ ያለው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ በመጠይቃችሁ ላይ አምነው የመለሱላችሁ ሰዎች ቃል አለ። ፈጣኑ «ፎርማት» ፋይሉን አይደመስስም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጸዳው። ሃርድ ዲስክ ከሆነ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉውን ፎርማት አድርጉ፤ ኤስኤስዲ ከሆነ አምራቹ ያዘጋጀውን የመደምሰሻ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

በተለይ እህቶች፣ ኮምፒውተራችሁን ለማታውቁት ሰው አስረክባችሁ ከመሄድ ይልቅ ይህን ሥራ ራሳችሁ ብትሠሩት ወይም የምታምኗት እህት አጠገባችሁ ሆና ብትሠራላችሁ ይሻላል። ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው እርጋታ ነው። አንዴ የሠራ ሰው ደግሞ ለዶርሙ ሁሉ ይተርፋል።

አላህ በተማርነው ተጠቃሚ ያድርገን።