የአክሲዮንን ዋጋ በግራፍ መመርመር ተራውን ሰው ይጠቅመዋልን?

አክሲዮን ማለት የአንድ ኩባንያ ሀብት በብዙ እኩል ድርሻ ሲከፈል እያንዳንዱ ድርሻ የሚጠራበት ስም ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ከተከፈተ ወዲህ በየቤታችን ይህ ነገር ይወራል። «የዋጋውን ግራፍ ማንበብ የተማረ ያተርፋል» የሚሉም አሉ። የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ የቤተሰብ ገንዘብ ነውና፣ ነገሩን መመርመር ይገባናል።

ግራፉ ራሱ ምሥጢር የለበትም። በሒሳብ ትምህርት እንደምንሥለው ሁሉ ቀኑ በአግድሙ፣ ዋጋው በቋሚው መሥመር ይጻፋል። የግራፍ አንባቢዎች ግን ያለፈው ቅርጽ የነገውን ይናገራል ይላሉ፤ ለምሳሌ በሁለት ትከሻ መካከል ራስ የቆመ የሚመስል ቅርጽ ሲያዩ፣ ዋጋው ሊወድቅ ነው ብለው ይሸጣሉ።

በርተን ማልኪየል የተባሉት አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ ይህን በሳንቲም ፈተኑት። መጀመሪያ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመውና ብዙ ጊዜ በታደሰው መጽሐፋቸው እንደ ተረኩት፣ ተማሪዎቻቸው ከ50 ዶላር ተነሥተው፣ እኛ እንደምንለው ዘውድ ሲወጣ ዋጋውን ግማሽ ከፍ፣ ጎፈር ሲወጣ ግማሽ ዝቅ እያደረጉ ግራፍ ሣሉ። ግራፍ አንባቢ የሆነ አንድ ወዳጃቸው ከሥዕሎቹ አንዱን ቢያሳዩት፣ ይህ ኩባንያ ማን ነው፣ አሁኑኑ እንግዛ ብሎ ተነሣ! ማንም አንባቢ ይህን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ መቶ ጊዜ መጣል ብቻ ነው፤ ትከሻውም ራሱም መምጣቱ አይቀርም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግራፉ በሁሉ ፊት የተዘረጋ ነው። ዋጋው ነገ እንደሚወጣ በግልጽ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ያየው ሁሉ ዛሬ ይገዛ ነበር፤ ዋጋውም ዛሬውኑ ወጥቶ ለነገ የሚቀር ትርፍ ባልኖረ ነበር። ይሁን እንጂ ግራፍ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። በ2000 እ.ኤ.አ. አንድሩ ሎ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ባሳተሙት ጥናት አንዳንዶቹ ቅርጾች ጥቂት መረጃ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ ነገር ግን ይህ ትርፍ ያስገኛል አላሉም።

ለተራው ሰው የሚከፋው ግራፉ በየቀኑ ግዛ፣ ሽጥ እያለ የሚያስቸኩለው መሆኑ ነው። ባርበርና ኦዲን የተባሉ መምህራን በአሜሪካ የ66,465 ቤተሰቦችን ሒሳብ ከ1991 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. መርምረው ነበር። እነዚህ ሁሉ ግራፍ አንባቢዎች ነበሩ ማለት አይደለም፤ ሆኖም እጅግ አዘውትረው የሚገዙና የሚሸጡት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኙ፣ ገበያው በጠቅላላው 17.9 በመቶ አስገኝቷል። በዚህ መጠን 10,000 ዶላር በ6 ዓመት አንደኛው 19,100፣ ሁለተኛው 26,900 ያህል ይሆናል። ልዩነቱን የበላው በይበልጥ የደላላው ክፍያና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ስለዚህ ለጥናት የሚተርፍ ምሽት ያለው ሰው የኩባንያውን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ቢከፍት ይሻለዋል። በአዲስ አበባው ገበያ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ የባንክ አክሲዮን የሚገዛ ሰው እንግዲህ ባንኩ ካበደረው ገንዘብ ምን ያህሉ ሳይመለስ እንደ ቀረ፣ ለባለ አክሲዮኖችም በየዓመቱ ስንት እንዳከፋፈለ በዚያው መግለጫ ውስጥ ይፈልግ።