ምዕራፍ ሰባት፦ የመተማው ፈንጂ አምካኝ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት ተወያዩ
1. ጀግና የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?
2. ለወታደር ሜዳይ የሚሰጠው ለምንድን ነው?
ከተወያያችሁ በኋላ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ጀግንነት ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ጠመንጃውን ደግኖ ወደ ጠላት ወደሚገሠግሠው ተዋጊ ነው። ይሁን እንጂ በጦር ሜዳ ጠላትን በመግደል ሳይሆን የወገንን ሕይወት በማዳን የሚፈጸም ጀግንነትም አለ። ሕንዳዊው የመሐንዲስ ጦር መኰንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት በኢትዮጵያ ምድር የፈጸመው ተግባር ለዚህ ምስክር ነው።

ባጋት በ1911 ዓ.ም. በሰሜን ሕንድ በጎራክፑር ከተማ ተወለደ። በዴራዱን የጦር አካዳሚ ሠልጥኖ በ1931 ዓ.ም. የምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ አገኘ። በዚያን ዘመን ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ ሠራዊቷ የሚዘምተው እንግሊዝ ወደምትልከው ግንባር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ባጋት ያለበት ጦር ወደ ሱዳን ተላከ።

ኢትዮጵያም በፋሺስት ኢጣልያ ከተያዘች አምስተኛ ዓመቷን ይዛ፣ አርበኞቿ በየዱሩና በየገደሉ ይፋለሙ ነበር። በጥር 1933 ዓ.ም. የነጻነቱ ዘመቻ ከሱዳን ድንበር በኩል ተፋፋመ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ እንደገና የጦር አውድማ ሆነች። በጥር 23 ለ24 አጥቢያ ሌሊት መተማ ከኢጣልያ ጦር እጅ ወጣች። ወደ ጎንደር ያፈገፈገው ጦር ግን አሳዳጁን ለማዘግየት በየመንገዱ ፈንጂ ቀብሮ ነበር።

ፈንጂ የተቀበረበት መንገድ አሳዳጁን ጦር ከሁለት ችግር መካከል ይጥለዋል። ቢቸኩል ሰውና ተሽከርካሪ ያልቅበታል፤ ቢዘገይ ጠላት ፋታ አግኝቶ በተራራው ላይ ምሽጉን ያጠናክራል። ስለዚህ ከሁሉ ፊት እየሄደ ፈንጂውን ፈልጎ የሚያመክን ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህ ኃላፊነት ለ22 ዓመቱ ባጋትና በእርሱ ለሚታዘዙት መሐንዲሶች ተሰጠ።

ባጋት ከሰልፉ ሁሉ ቀድሞ በሚሄደው ባለሰንሰለት የብረት ተሽከርካሪ ላይ ሆኖ ጦሩን መራ። ፈንጂ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የተነካካ አፈር መኖሩን ያስተውላል፤ ከዚያም አፈሩን በጥንቃቄ ገልጦ ማቀጣጠያውን ይነቅላል። እጁ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ስሕተቱን የሚያርምበት ዕድል አያገኝም። ባጋት ይህን ሥራ በየቀኑ ከጎሕ እስከ ምሽት ይመራ ነበር።

ሁለት ጊዜ ተሽከርካሪው ፈንጂ ላይ ወጥቶ ሲሰባበር፣ አብረውት በነበሩት ላይ ጉዳት ደረሰ። እርሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም። በሌላ ጊዜም ያደፈጠ ጠላት ከቅርብ ርቀት የተኩስ እሩምታ አወረደበት፤ አሁንም ወደ ፊት ቀጠለ። ከፍንዳታው የተነሣ የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀደደ፤ ድካምም አዛለው። ሌላ ሰው እንዲተካው በተጠየቀ ጊዜ ግን፣ ሥራውን ለመፈጸም ከማንም የበለጠ ልምድ ያለው አሁን እርሱ መሆኑን ገልጾ ተተኪ አልቀበልም አለ።

በዚህ ሁኔታ በአራት ቀን፣ ማለት በ96 ሰዓት ውስጥ፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጠረገ፤ 15 የፈንጂ ወረዳዎችም ተገኝተው መከኑ። ከኋላ የሚከተለው ጦር ያለ ሥጋት የሚያልፈው እርሱና ጓዶቹ ቀድመው በሥጋት ስላለፉበት ነበር።

በሰኔ 1933 ዓ.ም. ባጋት የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን ሜዳይ መሸለሙ ታወጀ። በዚያ ጦርነት ይህን ሜዳይ ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኰንን እርሱ ነው። ሜዳዩ በ1848 ዓ.ም. በንግሥት ቪክቶሪያ የተመሠረተ ሲሆን፣ በጠላት ፊት ለተፈጸመ ጀግንነት የሚሰጥ የእንግሊዝ ከፍተኛ ሽልማት ነው። የተሠራውም ከወርቅ ሳይሆን ከነሐስ ነው። ከተራ ወታደር እስከ ጄኔራል ማዕርግ ሳይለይ እንዲሰጥ የተደነገገ ቢሆንም፣ የሕንድ ተወላጅ ወታደሮች እንዲሸለሙት የተፈቀደው በ1904 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ከ50 ዓመት በላይ ምንም ዓይነት ጀግንነት ቢፈጽሙ ይህ ሜዳይ አይደርሳቸውም ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ሜዳይ ሰዎች በደነገጉት ሥርዓት የሚሰጥ ምልክት ነው፤ ጀግንነት ግን ሜዳይ ባይኖርም ጀግንነት ነው።

ሕንድ በ1939 ዓ.ም. ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ባጋት እስከ ሌተና ጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰ። ከጦሩ ከተሰናበተም በኋላ የዳሞዳር ሸለቆን ግድቦችና የመብራት ኃይል የሚያስተዳድረው ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ሐ. የቃላት ፍቺ
አፈገፈገ፦ ወደ ኋላ ሸሸ
ፋታ፦ የዕረፍት ጊዜ
አመከነ፦ እንዳይፈነዳ አደረገ
ጎሕ፦ የንጋት መጀመሪያ ብርሃን
አደፈጠ፦ ተደብቆ ጠበቀ
እሩምታ፦ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ብዙ ተኩስ

መልመጃ 1. ከላይ በተፈቱት ስድስት ቃላት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

መልመጃ 2. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልስ ስጡ።
1. የኢጣልያ ጦር በመንገዱ ላይ ፈንጂ የቀበረው ለምን ነበር?
2. አሳዳጁ ጦር የገጠመው ሁለት ዓይነት ችግር ምን ነበር?
3. ባጋት ተተኪ አልቀበልም ያለበትን ምክንያት ግለጹ። እናንተ አለቃው ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር?
4. በ1904 ዓ.ም. የተሰጠው ፈቃድ ስለ ሜዳይ አሰጣጥ ምን ያስረዳል?

መልመጃ 3. «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከባጋትና ከመሐንዲሶቹ ሥራ ጋር አያይዛችሁ በቃል አብራሩ።

መልመጃ 4. በአካባቢያችሁ ሜዳይ ሳይሸለም ለሰው ሕይወት መዳን የደከመ ሰው ፈልጉና ታሪኩን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።