ብዙ ሕፃናትን በአንድ ቤት በቀን ስለ ማስተኛት

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው በቦረና ደጋ፣ በአጨዳና በውቂያ ወራት እናቶች ወደ እርሻ ሲወጡ ሕፃናቱ ለአያት ወይም ለታላቅ እኅት ይተዋሉ። የጡት ልጅ፣ ዳዴ የሚልና የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ቤት አብረው ይውላሉ፤ እንቅልፋቸው ግን አንድ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ በቀንና በሌሊት በድምሩ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ የ1ና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ የ3ና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ሊተኛ ይገባዋል።

ስለዚህ ጠባቂዋ ከምሳ በኋላ፣ በ7 ሰዓት ገደማ፣ ቤቱን ጸጥ አድርጋ ሁሉንም በአንድነት ታስተኛ። ታላቁ እንቅልፍ እንቢ ቢለው ጋደም ብሎ ይረፍ እንጂ አይገደድ። የጡት ልጅ ግን ሰዓት አይጠብቅም፤ ዓይኑን ሲያሽ፣ ሲያዛጋና ሲነጫነጭ፣ በጠዋትም ቢሆን ይተኛ፤ ሌሎቹ ከዓይኗ ሳይርቁ በደጃፉ ይጫወቱ።

ብርዱ ጽኑ ቢሆንም ከምድጃ አጠገብ ማስተኛት አይገባም፤ እሳቱ ያቃጥላል፣ ጢሱም ሳንባን ይጎዳል። የጡት ልጅ ከሚገላበጡት ታላላቆቹ ተለይቶ በጀርባው ይተኛ። ፊቱን በጋቢ መሸፈን ትንፋሹን ሊያግድ ይችላልና ፊቱ ይገለጥ። ተኝተዋል ብሎ ውኃ ለመቅዳት መሄድም አደጋ ነው።

ታላቂቱ እኅት ስለ ጥበቃ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር፣ ጎረቤቶች በተራ ይጠብቁ ዘንድ መምህራንና የአገር ሽማግሎች ቢያስማሙ፣ ሕፃናቱ በሰላም ይተኛሉ፣ ልጅቱም ትማራለች።